ከፍርሃት የተነሣ ስለሚታዘዝ ምርመራ

ሕፃን ወድቆ ራሱን በተመታ ጊዜ እናቱ አቅፋው ወደ ሐኪም ቤት ትሮጣለች፤ ማድረግ የሚገባትም ይህንኑ ነው። ከደረሰች በኋላ አብዝታ የምትለምነው ልጁ የራስ ራጅ እንዲነሣላት ነው። ሐኪሙ እሺ ቢላት እርሷ ታመሰግነዋለች፣ እርሱም ከወቀሳ ይድናል። እኛ ግን ይህ እሺታ ስለ ማን የተሰጠ ነው ብለን እንጠይቃለን፤ ስለ ሕፃኑ ነውን ወይስ ስለ ሐኪሙ ዕረፍት?

በሰሜን አሜሪካ በ25 ሆስፒታሎች፣ ራሳቸውን ተመተው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 42,412 ልጆች ተጠንተው ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ታትሟል። ከመቶው 35 የሚሆኑት ሲቲ ስካን ተነሥተዋል፤ ከልጆቹ ሁሉ ብርቱ የአንጎል ጉዳት የተገኘባቸው ግን 376፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸውም 60 ብቻ ነበሩ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አእምሮው ካልተለወጠ፣ ራሱን ካልሳተ፣ ካላስታወከ፣ ከባድ የራስ ምታት ከሌለው፣ የራስ ቅሉ ሥር የመሰበር ምልክት ካልታየበትና አደጋውም የከፋ ካልሆነ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት የሚያገኘው ከ2,000 ከአንድ ያነሰ መሆኑን አጥኚዎቹ አሳይተዋል።

ያ አንዱስ የእርሷ ልጅ ቢሆን? የእናት ልብ በቍጥር አይጽናናም፤ ይህንን ንቀን አናልፈውም። ዳሩ ግን መሣሪያው ራሱ ያለ ዋጋ አይሠራም። ጨረሩ ከዐዋቂ ይልቅ በሕፃን ሰውነት ላይ ይበረታልና፣ ምንም ጥቂት ቢሆን ወደ ፊት የነቀርሳን ሥጋት ይጨምራል። ለሁሉ በታዘዘም ጊዜ ተራው ይረዝማል፤ በስተ ኋላ የተኛው ሌላው በሽተኛም ይዘገያል።

በመካከል ያለ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ምልክቱ አጠራጣሪ የሆነውን ልጅ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ መመልከት ነው። ይህ ከማዘዝ ይከብዳል። ትእዛዝ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እየተመላለሱ ልጁን ለማየት፣ እናቲቱንም አስቀምጦ በሚገባት ቋንቋ ለማስረዳት ግን ትዕግሥት ያሻል። ሐኪሙን ወደ ቀላሉ መንገድ የምንገፋውም ብዙ ጊዜ እኛው ነን፤ መርምሮ አጽናንቶ የሰደደንን «ምንም ሳያዝልን ሰደደን» ብለን እናማዋለንና።

እንግዲህ ልጁ ደኅና መስሎ ከታየ ሐኪሙ እናቲቱን ያሰናብታታል፤ ቢያስታውክ፣ እንቅልፉ ቢከብድ ወይም ጠባዩ ቢለወጥ በሌሊትም ቢሆን ይዛው እንድትመለስ ይነግራታል። የተመለሰች እንደ ሆነም ሳይዘገይ ያስነሣዋል፤ «ምነው አስቀድመህ ባስነሣኸው» ብትለውም ወቀሳዋን ይቀበላል።