አጥሚቱ ውስጥ የደበቅሁት

ሰው ለሚወደው ሰው ጤና ሲል ያንኑ ሰው ማታለል ይችላል? የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ይመስላል። እኔን ያገኘኝ ግን ማድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጄ ማንኪያ በሌላው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዤ ቆሜ ሳለ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዓምና ደረጃ ላይ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከሆስፒታል ስትወጣ ዶክተሩ ወደ ጎን ጠራኝና፣ «አጥንቱስ ይገጥማል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ጡንቻዋ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ትብላ» አለኝ። ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። ነፍስ አባቷን አስጠራሁ። እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው እንደማታስጨንቅ አስረድተው፣ «እስክትድኚ ብዪ» አሏት። መስቀላቸውን ሳመች። ከወጡ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «ፈቀዱልኝ እንጂ አላዘዙኝም» አለች። «ሰዓቱን እተዋለሁ፣ ጠዋትም እበላለሁ። ምግቡን ግን አልለውጥም።»

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን የዱቄት ወተቱን አጥሚቷ ውስጥ ጨመርኩት። «ዛሬስ ጣፍጧል፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። አራት ቀን እንዲሁ አደረግሁ። ምርቃቷ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ለራሴ የነገርኩት ክርክር ደካማ አልነበረም። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት የበላውን ፕሮቲን ጡንቻ አድርጎ የመገንባት አቅሙ ይቀንሳል። አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ያለውን ጡንቻ በፍጥነት ይበላዋል። ለዚህም ነው ለጤናማ አዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ሲባል፣ ብዙ ባለሙያዎች ለአረጋውያን ከ1 እስከ 1.2 ግራም የሚመክሩት። እናቴ 50 ኪሎ ናት። እስከ 60 ግራም ያስፈልጋታል ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። እንዲህ ያለ ቁጥር በእጁ የያዘ ሰው የሌላውን እምነት እንደ እልህ መቁጠር ይቀለዋል። እኔም ቆጠርኩት።

ክርክሬን መጀመሪያ ያናጋው ራሱ ሳይንሱ ነው። ሰውነት ሥጋ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አሚኖ አሲድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ሜቲዮኒን ያንሰዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ ንፍሮ ስንዴው ከሽምብራው ጋር፦ አያቶቻችን የኬሚስትሪውን ስም ሳያውቁ ገበታውን አሟልተውት ነበር። አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ሙር ላፔ በ1971 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለቱ በአንድ ማዕድ መጣመር አለባቸው ብላ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ራሷ አረመችው። በቀኑ ውስጥ የተለያየ ምግብ በበቂ መጠን ከተበላ ይበቃል።

ቁጭ ብዬ አሰላሁ። 150 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ፣ 200 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፦ ወደ 60 ግራም ይጠጋል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 በክኒን ይተካል። ፕሮቲን ማብዛት የሚጎዳው ኩላሊቱ የታመመ ሰው ነው፤ የእሷ ደህና መሆኑን ዶክተሩን ደውዬ ጠየቅሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

በእውነት ለመናገር የጥራጥሬ መንገድ ዳገት አለው። የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ እንቁላል በቀላሉ አይፈጭም፣ መጠኑም ብዙ ነው፣ የአሮጊት ሆድ ደግሞ ትንሽ ነው። በሦስት እንቁላል የሚገኘውን ለማግኘት አንድ ሰሃን ምስር ትጨርሳለች። ቢሆንም የሚቻል ነገር ነበር። እኔ ግን ማስላቱን ትቼ ማታለሉን መረጥኩ፤ ማታለል ይቀላላ! «ለእሷ ብዬ ነው» የምንለው ነገር ስንቱ ለራሳችን ድካም ማቅለያ ይሆን?

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ጥያቄውን አመለጥነው እንጂ አልመለስነውም። ስሌቱ ባይሞላስ ኖሮ? ወተቱ ብቻ የሚያድናት ቢሆንስ? ብዙ ሌሊት ከዚህ ጋር ተጋድሜያለሁ። ጾሟን እንዳላፈረሰች አውቃለሁ፤ ሳታውቅ ለጠጣችው ኃጢአቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። የወሰድኩባት ሌላ ነገር ነው። እናቴ ዶክተሩንም፣ ቄሱንም፣ እኔንም ሰምታ፣ አመዛዝና፣ በሙሉ አእምሮዋ ወሰነች። እኔ ያንን ውሳኔ በማንኪያ አማስዬ አጠፋሁት። አካሏን ለማቆም ስሞክር ሰውነቷን ቀነስኩባት። ስሌቱ ባይሞላም እውነቱን ነግሬ፣ እግሯ ላይ ወድቄ መለመን፣ እምቢ ካለችም አጠገቧ መቀመጥ ነበር የእኔ ድርሻ። ከባድ ነው። ፍቅር ይህንን ይችላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የእኔ አልቻለም ነበር።

በስምንተኛው ቀን ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጅ ሆነህ መራራ ክኒን በማር ሸፍኜ አጠጥቼሃለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እኔም እኮ እንደዚያው እማዬ...»

«አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ። እኔ ልጅህ አይደለሁም።»

ከዚያ ወረቀቱን እንዳመጣላት ጠየቀችኝና መነጽሯን አድርጋ ስሌቱን መስመር በመስመር አየችው። ለውዙ ተቆልቶ ይወቀጥልኝ፣ ጥርሴ አይችለውም አለች። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስሩ በሁለት ጊዜ ይቅረብልኝ አለች። እስከ ፋሲካ ድረስ ግራሙን የቆጠረችው እሷ ናት።

ለፋሲካ በምርኩዝ ቆማ ዶሮ ወጡን ራሷ አወጣች። ይህንን ለክርክሬ ማስረጃ አላደርገውም። ባትቆምም ኖሮ ማንኪያው የእሷ ነበር።