ማሸነፍና መግፈፍ

ሰው ባላጋራውን ካሸነፈ ዘንድ፣ እንዴት አድርጎ እንዳሸነፈው መጠየቅ ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የሰንጠረዥ ጨዋታ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምትጫወተው ሰንጠረዥ ሥርዐቱ ከውጭ የመጣ ነው። አባቶቻችን የሚጫወቱት ግን የራሱ ሕግ ነበረው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ይነገራል። ገበታው ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ገበታውን የሚያዳርስ አይምሰልህ፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ምስኪን ነው። የጨዋታው መጀመሪያ ደግሞ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን እጅ እያየ የፈቀደውን ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ተራ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ነው። እጁ የፈጠነ የሚጠቀም ይመስላል፤ ነገር ግን ፈጥኖ የተሰለፈ ሰው አሳቡንም ፈጥኖ ገልጧል።

የእኔ ነገር ያለው ግን በፍጻሜው ላይ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ጽፈው አሳትመዋል። በዚያ ሥርዐት ሠራዊቱን ሁሉ ተገፎ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግቢያ አሳጥቶ መያዝ ክልክል ነበር። ድሉም እኩል አይመዘንም፤ በፈረስ የያዘ ብዙም አይመሰገንም፣ በእግረኛ የያዘ ግን ይከበራል።

«ይህ የመኳንንት ወግ ነው፤ በእውነተኛው ጦርነት እንዲህ ያለ ርኅራኄ መቼ ታየ?» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ርኅራኄ መሆኑን ተጠራጠርሁ፤ ሕጉ የሚፈትነው አሸናፊውን ነውና።

አንድ ቀን ከእኅቴ ልጅ ጋር በዛሬው ሥርዐት ስንጫወት ያለውን ሁሉ ማረክሁበት። ንጉሡ ብቻውን ከጥግ ጥግ ይሸሻል፣ እኔም ደስ ብሎኝ አባርረዋለሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ካለቀ እኮ ቆየ፤ ለምን አይጨርሱትም?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ልጨርሰው እችል ነበር፤ አለመጨረሴ ጣፍጦኝ ነው እንጂ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የጥንቱን የፍጻሜ ሕግ አስተማርሁትና በእርሱ ተጫወትን። እንዴት ያለ መከራ ነው! የሚበላ እያየሁ እጄን መሰብሰብ፣ ባላጋራዬ ጉልበት እያለው ንጉሡን መክበብ ነበረብኝ፤ የተውሁለትም እግረኛ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ መንገዴን ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ድሉ በእጄ ገባ ስል፣ ሦስቱንም ጊዜ እጄ የመጨረሻውን እግረኛ አንሥቶ ተገኘ። ልጁ እየሳቀ ገበታውን እንደ ገና ደረደረው።