ቅጠሉ ምን አጠፋ?

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ ጽጌረዳ ወይም ጤና አዳም በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ በበረንዳው የሚያሳድግ ሰው፣ አንድ ቀን ቢጫ ቅጠል ማየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ቅጠሉን ቀንጥሶ መጣል ነው። ተክሉ እንደገና አረንጓዴ ይመስላል፤ እንግዳ ቢመጣም አያሳፍርም። እኔን ግን ይህች ቀላል የምትመስል ድርጊት ታሳስበኛለች። ጥፋት የሚታይበት ቦታና ጥፋት ያለበት ቦታ አንድ ነው የሚል ፍርድ በውስጧ ተሸክማለችና። ለመሆኑ ቅጠሉ ምን አጠፋ?

እስቲ ከቆርቆሮው እንጀምር። የታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ አፈሩ ናይትሮጅን አንሶታል ማለት ነው። ተክሉ ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል ናይትሮጅኑን እያወጣ ለለጋው ይሰጣል። እንግዲህ እንደ ሰነፍ ቆጥረን የምንቀነጥሰው ቅጠል፣ ያለውን ለታናናሾቹ አካፍሎ የገረጣ ነው። በአንጻሩ የለጋው ቅጠል ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሐል መሐሉ ቢጫ ከሆነ የብረት እጥረት ይጠረጠራል፤ ብረት እንደ ናይትሮጅን ከአሮጌ ወደ ለጋ በቀላሉ አይሻገርምና። ቆርቆሮው ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ውሃው ይቆማል፤ ሥሩ አየር ያጣል፤ ቅጠሉም ይገረጣል። ባለቤቱ ግን «ጠምቶት ነው» ብሎ ሌላ ውሃ ይጨምርለታል። ሳይጠይቁ መለገስ እንዲህም አድርጎ ይገድላል።

በሜዳ የበቀለ ዛፍ ሥሩን ሰድዶ ውሃ ይፈልጋል። በቆርቆሮ ያለው ግን የትም አይሄድም፤ አፈሩንም፣ ውሃውንም፣ ብርሃኑንም የወሰንንለት እኛ ነን። በእኔ አስተሳሰብ ኃላፊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሌላውን መላወሻ በእጁ የያዘ ሰው፣ ያ ሌላው ሲገረጣ «የራሱ ጉዳይ ነው» ሊል አይችልም። ከእኛ ጋር የሚኖር የዘመድ ልጅ፣ በቤታችን የምትሠራ ልጅ ፊታቸው ሲጠቁር አስቀድሞ መመርመር ያለበት ቆርቆሮው ነው።

እርግጥ ነው፣ መቁረጥ ብቻ ሳይሆን ነቅሎ መቅበርም ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሀዲያና በከምባታ ከበረንዳው አልፈው ወደ ጓሮ ሲዘልቁ የሚያገኙት እንሰትን ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል። በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የመሐል ለጋ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥም ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት አስታውቀዋል። ያው ባክቴሪያ ሙዝንም ያጠቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኝቷል። ከዋነኞቹ መተላለፊያዎቹ አንዱ፣ የታመመውን ቆርጦ ጤነኛውን የሚነካ ቢላዋ ነው። ቢላዋ ደግሞ ከጎረቤት ጎረቤት ይዋዋሱታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቢጫው ቅጠል የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ በእንሰት ግን የደበቀ ሰው የጎረቤቱንም ጓሮ ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ መናገር፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውንም በእሳት መለብለብ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ዓመታት የተጠበቀ እንሰት መንቀል፣ የቤተሰብን ቆጮ ከነተስፋው መቅበር ነው። እውነቱን የተናገረው ሰው ኪሳራውን ብቻውን ከተሸከመ፣ በእርሱ መናገር ጓሮው የዳነለት ጎረቤትም «ቸልተኛ ስለሆነ ነው» ብሎ ካማው፣ የሚቀጥለው ሰው ቅጠሉን በሌሊት ቆርጦ ቢሸሽግ ምን ይደንቃል? መደበቅን የምናስተምረው እኛው ነን።

«እውነቱን ተናገር» የማለት መብት ያለው፣ የእውነትን ዋጋ ለመካፈል የተዘጋጀ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤት እንሰቱን ነቅሎ ሲቀብር ከዳነው ጓሮ ቆጮ ይዞ መሄድ፣ ጊዜው ሲደርስም ጤነኛ ችግኝ መስጠት ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው።