የኔ ወጣ፣ የእሳቸው ቀረ

ከበሽታው የዳነ ሰው ካልዳነው ይልቅ በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ ነውን? ጥያቄው የሊቃውንት ይመስላል እንጂ እኛ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከቧንቧ ወረፋ ጀምሮ እስከ ማኅበር ጠበል ጻድቁ ድረስ መልስ ይሰጥበት ነበር። መልሱም «አዎ» ነበር። እኔን ሲያዩ «ጊዮርጊስ ሰማህ፣ ሃይማኖትህ አዳነህ» ይሉኛል። ጎረቤቴን እትዬን ሲያዩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። እንዳልቀበለው ያደረገኝ ደግሞ ቅዱስ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ነርቭ እንዴት እንደተሠራ ሐኪም ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝም ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በቀኝ ክንዴ የውስጠኛው ጎን ላይ አንዲት ዕጢ አደረች፤ በሜትሬ ስለካት ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበረች። ጨርቅ ስቆርጥ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ስትነካካ ከአውራ ጣቴ እስከ መሐል ጣቴ ድረስ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ መቀሱም ከእጄ ይወድቃል። ወጌሻ ልሽህ አለኝ፣ ሌላው ዋግምት መከረኝ። የንስሐ አባቴ ግን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተጠመቅ፣ ሐኪም ቤትም ሂድ አሉኝ። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር አልታያቸውም። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን ውስጥ የተቆጠረው ሲራክ ሐኪምን አክብሩ፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚል ትምህርት እንዳለው አስታወሱኝ።

ሐኪሙ ከሁሉ በፊት በጣቱ ነው የመረመረኝ። ዕጢዋን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፋት ትሄዳለች፤ ከክንዴ ቁመት ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋት ግን ንቅንቅ አትልም። በነርቭ ላይ የተቀመጠ ነገር እንዲህ ነው አለኝ። በጣቱ ጫፍ መታ መታ ሲያደርጋት ንዝረቱ እስከ ጣቶቼ ወረደ። ከዚያ ክርኔን ከውስጥ በኩል ዳበሰ፣ ዓይኔን አስጨፍኖም እጄን በጥጥ ነካካው። ይህን ያደረገው ሥጋ ደዌ አለመሆኑን ሊያረጋግጥ ነው፤ ያ ሕመም ነርቭን ያወፍራልና፣ ስሜትንም ይገድላልና። አገራችን ውስጥ አለርትን የመሰለ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለዚሁ ሕመም ነው፤ እዚህ አገር የወፈረ ነርቭ የሚዳብስ ሐኪም ይህን ሳያስብ አያልፍም። ቀጥሎ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሽዋኖማ ነው፣ ካንሰር አይደለም የሚል ግምት ተሰጠኝ።

ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን ነው (1810–1882)። በነርቭ ክሮች ዙሪያ የሚጠቀለሉትን ሕዋሳት የገለጸው እሱ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ክሮቹን ይሸፍናሉ፣ ይንከባከባሉ፤ ዕጢዋም የምትበቅለው ከእነዚሁ ነው። ሽዋኖማ የራሱ ሽፋን አለው፤ ሲያድግ የነርቩን ክሮች ወደ ጎን ይገፋቸዋል እንጂ ውስጣቸው አይገባም። ኒውሮፋይብሮማ የሚባለው ሌላው ዕጢ ደግሞ ከክሮቹ መሐል ገብቶ አብሯቸው ይበቅላል። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ወዲያው ገባኝ፦ ክር ላይ የተቀመጠ ቋጠሮና ከክሩ ጋር አብሮ የተፈተለ ጉድፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን በመርፌ ጫፍ ታነሣዋለህ፤ ሁለተኛውን ላውጣ ካልክ ክሩን ትበጥሳለህ።

እኔን ቀደዱኝ። ሐኪሙ በማጉያ እያየ ቀላል የኤሌክትሪክ ጉልበት ነርቩ ላይ ያስነካል፤ ጣት ያልተንቀሳቀሰበትን ቦታ መርጦ ሽፋኑን በቁመቱ ይሰነጥቃል፣ ዕጢዋንም ፈልፍሎ ያወጣል። ጣቶቼ ለተወሰነ ጊዜ ደንዝዘው ቆዩና ተመለሱ። የናሙናው ውጤትም ሽዋኖማ መሆኑን አጸና። እዚሁ አገር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዕጢዋ አባቴን ይዛው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ያደርግለት ነበር?

እትዬ ሌላ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ገላቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረ፤ ካደጉ በኋላ ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ለስላሳ እባጮች ወጡ። ጎረቤት ስኒያቸውን ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ይጋባል ብለው፣ ወይም ቁጣ ነው ብለው። ሕመማቸው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ይባላል፤ እባጮቹም ያ ከክሮቹ መሐል የሚበቅለው ኒውሮፋይብሮማ ናቸው። ፎን ሬክሊንግሃውዘን የሚባል ሐኪም ስለ ሕመሙ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ በአሥራ ሰባተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ዘረመል የተገኘው ደግሞ በ1990። ከ3000 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታማሚዎቹም ግማሽ ያህሉ ከእናትም ከአባትም አልወረሱትም፤ ለውጡ በእነሱ የተጀመረ ነው። እትዬም እንዲሁ ናቸው። ቆዳ ላይ ያሉትን ትንንሾቹን ማንሣት ይቻላል፤ ጭናቸው ውስጥ ትልቁን ነርቭ ተከትሎ ያደገውን ግን ላውጣ ማለት እግራቸውን መውሰድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተተወ።

እንግዲህ ልዩነታችን ይህ ነው። የኔ ከክሮቹ ጎን ነበር፣ የእሳቸው ከክሮቹ መሐል። እሳቸው ከእኔ የበለጠ ጾመዋል፤ ኪዳን ሳያደርሱ የቀሩበትን ጠዋት አላውቅም።

ይህን ስናገር አንድ የማኅበራችን አባል በወንጌል ያለውን መጻጉዕን ጠቀሰብኝ። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታል፤ ስለዚህ በሽታ ከበደል ይመጣል አለኝ። ልክ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ተጽፏል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንያዘው። መጻጉዕ በተኛባት መጠመቂያ ዙሪያ ብዙ ድውያን ተኝተው ነበር፤ በዚያ ቀን ተነሥቶ አልጋውን የተሸከመው 38 ዓመት የታመመው እሱ ነው። ቀሪዎቹ ከእሱ የከፉ ነበሩ የሚል ቃል የለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትማ በሕማማት ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው የዳነው ሰው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም። ከሁለቱ ለእግዚአብሔር የቀረበው ማን ነበር? ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው በደለኛው ማን ነው ብለው የጠየቁት ደቀ መዛሙርትም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ተብለዋል።

ታዲያ ምስጋናህ ለምንድን ነው ይሉኛል። ስለ ጣቶቼ ነው! እጄ መርፌ ስለሚይዝ አራዳ ጊዮርጊስ ሄጄ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ግን እትዬን ከእኔ በታች የሚያስቀምጥ ከሆነ ወደ እግዚአብሔር የሚደርስ አይመስለኝም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ሁላችንም ተበታትነናል። እትዬ ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ልጃቸው ስታረግዝ ሐኪም እውነቱን ነግሯት ነበር፤ ሕመሙ ያለባት እናት ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እሷ ራሷም ነጠብጣቡ አለባት። እትዬ ያን ቀን አልቅሰው የጋራ የንስሐ አባታችንን ለልጄ ያወረስኩበት ቀኖና ይሰጠኝ አሏቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ። አባ ተቆጡ፦ «ለዚህ ቀኖና የለም። ቀኖና የሚገባው ስኒዎን ለይተው ላስቀመጡት ነው።» ከዚያ የእግራቸውን ነገር ጠየቁ። ጭናቸው ውስጥ ያለው ዕጢ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ መጠጠር ጀምሯል፣ ሌሊትም ያማቸዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ ወደ ካንሰር የመዞር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት እንዳለበት ከሐኪሜ ሰምቼ ስለነበር ተናገርኩ። አባ የሐኪም ቀጠሯቸው እስኪደርስ እንዳይጠብቁ በቃል ኪዳን አሰሯቸው፣ እኔንም አድርሳቸው አሉኝ።