ስለ ተማሪ ልብስና ስለ እናቱ ቁርበት

ልብስ የሰው ልጅ ከገነት ሲወጣ ይዞት የወጣ ንብረት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 3 እንደሚያስተምረን፥ አዳምና ሔዋን በገዛ እጃቸው የሰፉት ከቅጠል ነበር፤ እግዚአብሔር ግን በሥራቸው አልተሣለቀም፤ ከቅጠሉ የሚጸና የቁርበት ልብስ ሰጣቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ልብስ ሠሪ ፈጣሪ ነው፤ የመጀመሪያውም ጽኑ ልብስ ቁርበት ነው። ይህን አስቀድመን ያነሣነው ስለ ጂንካና ስለ ደቡብ ኦሞ ተማሪዎች አለባበስ ለመጻፍ ስላሰብን ነው፤ በዚያ አገር የቁርበት ልብስ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለምና።

ተማሪው ገንዘቡንና ሐሳቡን በልብስ ላይ ጨረሰ የሚል አቤቱታ ከካህናትም ከወላጆችም ዘንድ ዘወትር ይሰማል። የዛሬው ወጣት በስልኩ መስተዋት የሚያየው የልብስ ዓይነት ብዙ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በተማሪነት ስም የሚመጣው ግን «ፕረፒ» የሚሉት ነው። ስሙ የተወሰደው በአሜሪካ የባለጸጎች ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ከሚዘጋጁባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ነው። መልኩም የታወቀ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፥ የኮሌታው ጫፍ በቁልፍ የሚያዝ ሸሚዝ፥ ካኪ ሱሪ፥ በትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ሹራብ፥ ማሰሪያ የሌለው የቆዳ ጫማ። ኮቱ በመጀመሪያ የእንግሊዝ የጀልባ ቀዛፊዎች ማኅበር ልብስ ነበር። ባለ ቁልፍ ኮሌታው በፈረስ ላይ ሆነው ፖሎ ከሚጫወቱ እንግሊዞች ተወስዶ፥ ብሩክስ ብራዘርስ በተባለ የአሜሪካ ልብስ ቤት ለገበያ የወጣ ነው። ካኪው ደግሞ በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የለበሰው ሲሆን፥ ስሙ በዚያ አገር ቋንቋ የአቧራ መልክ ያለው ማለት ነው፤ ከአፈር ለተሠራ ሰው የሚስማማ ስም ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከካኪው በቀር እነዚህ አብዛኞቹ የጨዋታና የመዝናኛ ልብሶች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ለብሷቸው የነበረው ሰው እርሻ የሌለበት፥ ከብት የማይጠብቅ፥ የነገ እንጀራው ያላሳሰበው ሰው ነበር። ስለዚህ ተማሪው በዚህ ልብስ የሚሻው ጨርቁን አይደለም፤ ያልተጨነቀ ሰው መምሰልን ነው። ከሳልባጅ ክምር ውስጥ እንዲህ ያለውን ኮት መርጦ ሲያወጣም፥ ያንን ያልተጨነቀ ሰው የሚመስለው እርሱ በሰለቸውና አውጥቶ በጣለው ልብስ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ክርክር የተነሣው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፥ የተቃወሙት ሽማግሌዎችና ካህናት ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሕዝብ በሚራብበት አገር የባዕድ ልብስ ማሳየት ነውር ነው አሉ፤ ግርግር ተነሣ፥ ፖሊስ ገባ፥ ተማሪዎችም ታሰሩ። ስለ ረኃቡ የተናገሩት እውነት ነበር። ነገር ግን ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ኮትና ሱሪ የለበሱ ነበሩ፤ ክርክሩም በሴቶቹ ቀሚስ ላይ በረታ። የሌላውን ልብስ መመርመር የራስን ከመመርመር ምን ጊዜም ይቀላል።

ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። በዚያ አገር ልብስ ገላን ከመሸፈን በላይ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ይናገራል። የሐመር ሴት በዶቃና በዛጎል ያጌጠ የፍየል ቁርበት ትለብሳለች፤ ጠጕሯን በቅቤና በቀይ አፈር ትቀባለች። የመጀመሪያ ሚስት የሆነችቱ በአንገቷ በምታጠልቀው የቆዳና የብረት ጌጥ ትለያለች፤ ያያት ሁሉ ማዕረጓን ሳይጠይቅ ያውቃል። በአሪም ዘንድ ቀድሞ ሴቶች ከእንሰት ቅጠል የተሠራ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ሐሙስ በቀይ አፈር፥ ቅዳሜ በጂንካ ገበያ የቆመ ሰው፥ ይህች የበና ናት፥ ያች የፀማይ ናት ብሎ ከጌጧና ከቁርበቷ ይለያል። እኛስ ካህኑን በጥምጣሙ፥ መነኵሴውን በቆቡ እናውቅ የለምን?

ከእንዲህ ያለው ቤት የወጣ ልጅ ለትምህርት ወደ ጂንካ ይመጣል። የደንብ ልብስ ይለብሳል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ የደንብ ልብስ የደኻውንና የባለጸጋውን ልጅ በአንድ ወንበር ላይ እኩል አድርጎ ያስቀምጣልና። ነገር ግን ውድድር ከሸሚዝ ቢባረር ወደ ጫማ ይወርዳል፤ ከጫማ ቢባረር ወደ ስልክ ይሻገራል። ከፍ ብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ የደንብ ልብስ ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ ማን መምሰል እንዳለበት ራሱ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች አነጋገሩን ሰምተው ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቁታል። ኮቱ የሚገዛው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

የነገሩ መከራ የሚገለጠው ግን በቅዳሜ ገበያ ነው። እናቱ ቅቤ ወይም ማር ይዛ ቁርበቷን ለብሳ ትመጣለች። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲያልፍ ታየዋለች፤ በስሙም ትጠራዋለች። ጓደኞቹ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁት፥ «የአገራችን ሰው ናት» ብሎ የሚያልፍ አለ። ሐሰት አልተናገረም፤ በእርግጥም የአገሩ ሰው ናት። ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስ በእሳቱ ዳር ቆሞ ከተናገረው ቃል ይህ ምን ያህል ይርቃል? በዚያው ቀን የውጭ አገር ጎብኚ ያችኑ እናት ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ ያነሣታል። ልጁ የሸሸውን ጎብኚው በገንዘብ ይገዛዋል፤ ከሁለቱም አንዱ ስሟን አልጠየቀም፤ ልጁ ስለሚያውቀው፥ ጎብኚው ስለማይፈልገው።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ኃጢአቱ በኮቱ ውስጥ አይደለም። ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ታሪክ በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 15 ሲነገር፥ አባትየው ከሁሉ የሚበልጠውን ልብስ፥ ቀለበትና ጫማም እንዲያመጡለት አዘዘ። ስለዚህ መልካም ልብስ መልበስ በአባት ቤት የተነቀፈ ነገር አይደለም። ግን ያ ልጅ የለበሰው ወደ ቤት ሲገባ ነው፤ የእኛ ተማሪ የሚለብሰው ከቤት ሊወጣ ነው። አንዱ ልብስ በሁለት ደጆች ያስኬዳል፤ መመርመር የሚገባን ለባሹ በየትኛው ደጅ እንደሚያልፍ ነው። በዚያው ኮት እናቱን አቅፎ ሸክሟን ተቀብሎ በገበያው መካከል የሚሄድ ተማሪ ቢገኝ፥ ሹራቡን በትከሻው ላይ ቢጥል በወገቡም ቢያስረው ምን ቸገረን?

እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች «ታዲያ ገላን ገልጦ መሄድን ልታመሰግኑ ነው ወይ?» ብለው ሊጠይቁን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በጨዋነት እንዲለብሱ ታስተምራለች፤ ይህን ትምህርት የሚያቃልል ቃል ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን በማሳፈር የሚጀመር ትምህርት ሰውየውን አያለብሰውም፤ ይገፈዋል እንጂ። አባቱንና እናቱን በመናቅ ሱሪ የታጠቀ ልጅ ገላው ተሸፍኖ ልቡ ራቁቱን ቀርቷል። ደግሞም ነውር በሁሉ አገር በአንድ መስፈሪያ አይሰፈርም፤ ለደገኛው ነውር የሆነው ለቆለኛው የሙቀት ነገር ነው፤ ለሐመር ሴትም ያለ ጌጧ መታየት ሊያሳፍራት ይችላል።

ይልቁንም የቤተ ክርስቲያን ሰው ቁርበት ለባሽን ሊንቅ የማይገባው በገዛ ታሪካችን ምክንያት ነው። የእኛስ ተማሪ ምን ለብሶ ተማረ? ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ በጫንቃው አንግቶ፥ በትሩን ይዞ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። ቅኔውም፥ ድጓውም፥ የመጻሕፍቱ ትርጓሜም ከዘመን ወደ ዘመን የተላለፈው በበግ ቁርበት ውስጥ ነው። ዛሬ በሐር ካባ የሚታዩ ሊቃውንት ብዙዎቹ ከዚያ ደበሎ የወጡ ናቸው። መጥምቁ ዮሐንስም በምድረ በዳ በግመል ጠጕርና በጠፍር መታጠቂያ እንደ ኖረ ወንጌላውያን መስክረዋል። የፍየል ቁርበት ለብሳ የመጣችውን እናት በቅጽሩ በር ላይ የሚያንጓጥጥ ዲያቆን ቢኖር፥ የሚያንጓጥጠው የገዛ መምህሩን ልጅነት ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ወንበር አስቀምጠው ደኻውን የሚያቆሙትን ምእመናን የገሠጸው በገበያ ላይ ስላደረጉት ሳይሆን በጉባኤያቸው ውስጥ ስላደረጉት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር አክብሮ በደጅ በብርድ ሲራቆት መተውን አጥብቆ ነቅፏል። ተማሪው ከእኛ የሚማረው ስብከታችንን ብቻ አይደለም፤ በእሑድ ጠዋት ማንን ወደ ፊት እንደምናስቀምጥ፥ ማንን ወደ በሩ እንደምንገፋ ያያል። ነጭ ነጠላ የለበሰውንና ኮት የደረበውን ቀና ብለን፥ ቁርበት የለበሰችውን አጎንብሰን የምናይ ከሆነ፥ ልጁ ያንን ኮት እንዲገዛ የመከርነው እኛ ነን፤ ስልኩ የጨመረበት ጥቂት ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር እናንሣ። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅ ተመራቂዎቹ ጥቁር ካባና ባለ አራት ማዕዘን ቆብ ይለብሳሉ፤ እርሱም በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የካህናትና የሊቃውንት ልብስ የነበረ ነው። በዚያ ቀን ወላጆች ከየገጠሩ ይመጣሉ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ተመራቂዎች ከበዓሉ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለምስጋና ሲመጡ፥ ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ቢነግራቸው መልካም ይሆናል፤ ወላጆቻቸውን እንደ ለበሱ ያምጡ፤ አሮጌ ነጠላ ተውሰው ቁርበቱን እንዲሸፍኑ አያስገድዷቸው። አስተናጋጁም ከፊት ያለውን አግዳሚ ለእነርሱ ያቆይ፤ አስተርጓሚ የሚሻ ካለ ልጃቸው ራሱ በጉባኤው ፊት ቆሞ ያስተርጕምላቸው።