ለጨዋታ የተያዘ ዓሣ



ለዕረፍት ከቀዬው የወጣ ሰው፣ ለመብል ሳይሆን ጊዜ ለማሳለፍ ብቻ ዓሣ ቢያጠምድ ጥፋት አለበትን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም በራሳችን እስኪደርስ ድረስ ቀላል ይመስለን ነበር።

ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችን ከመንዝ ተነሥተን ወደ ባሕር ዳር ሄድን። የጣናን ገዳማት ተሳልመን ስናበቃ፣ የአንደኛችን ዘመድ ወደሚኖርበት ወደ ጉማራ ወንዝ አካባቢ ተሻግረን ሰነበትን። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ረፋዱ ረዘመብን። ስለዚህ መንጠቆና የናይለን ክር ገዛን፤ ትል ቆፍረን ወንዝ ወረድን። እኛ የደጋ ልጆች የምናውቀው በግና ገብስ ነው፤ ክሩ በእጃችን ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ዐሥራ አንድ ዓሣ አወጣን። ሁሉም ሣር ላይ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ሞቱ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ እኛ ከዓሣም የምንጾም ስለሆንን አንዱንም አልቀመስንም።

በዚያ መንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አዩንና ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ጾመኞች አይደላችሁም?»

«ነን፣ አባታችን።»

«ታዲያ ይህ ለማን ነው?»

«ለጨዋታ ነው» አልናቸው።

«ለጨዋታማ ጠጠር አለ» አሉና አንዱን ዓሣ አንሥተው ሆዱን በቢላ ከፈቱት። በዕንቁላል የተሞላ ነበር። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በኋላ ጠይቀን እንደ ተረዳነው፣ በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ከዐሥር የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ዕንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ፣ በመራቢያቸው ወራት በወንዞቹ አፍ መረብ እየተጣለ ቁጥራቸው በእጅጉ መቀነሱን ተመራማሪዎች መስክረዋል። እንግዲህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛ የምናርፍበት ወራት፣ እነርሱ የሚዋለዱበት ወራት ነው ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ሐዋርያትስ ዓሣ አጥማጆች አልነበሩምን?» ሲል ተከራከረ። እውነት ነው፤ ነበሩ። ነገር ግን እነርሱ ሌሊቱን ሙሉ የሚደክሙት ለእንጀራቸው ነበር። በታንኳ ወጥቶ ልጆቹን የሚመግበውን የጣና ሰው የሚነቅፍ የለም። ሌላው ደግሞ፣ «ሐይቁን የጎዳው የነጋዴ መረብ ነው፤ የእኛ ዐሥራ አንድ ዓሣ ምን ያጎድላል?» አለ። ይህም እውነትነት አለው። ሆኖም ይህን መልስ በአገራችን በጓሳ ፊት ብናቆመው ይጸናልን?

የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን። አባቶቻችን «ቀሮ» በሚባለው ሥርዓት ሹም መርጠው ያስጠብቁት ነበር፤ ሣሩ እስኪያገግም ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ዛሬም በራሱ ደንብ ስለሚጠብቀው ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ይኖራሉ። በተዘጋ ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ሰው፣ «አንድ ሸክም ብቻ ነው» ቢል ማንም አይሰማውም። ሁሉም አንድ ሸክም ብቻ ቢወስድ ጓሳ አንድ ክረምት አያድርም ነበርና።

በጓሳ የማናደርገውን በጉማራ ያደረግነው ለምንድን ነው? ሰው አገር ስለሆንን ነው። ሹሙን አናውቀውም፤ ጎረቤት አያየንም፤ ነገ እንሄዳለን። ነውራችን እዚህ ላይ ይመስለናል። እንግዳ የቤቱን ሥርዓት ባያውቅ መጠየቅ ይገባዋል እንጂ ሥርዓት የሌለ ያህል ሊኖር አይገባውም።

በባዕድ አገር ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ይህ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በአሜሪካ መዝናኛ ዓሣ አጥማጅ ፈቃድ ያወጣል፤ ይዞ መልሶ መልቀቅም ዘሩን የሚጠብቅ መልካም ልማድ ተብሎ ይመሰገናል። በስዊዘርላንድ ግን፣ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድ ፍጡርን ለደስታ ማሠቃየት ነው ተብሎ በሕግ ተከልክሏል። ሁለቱ አይስማሙም፤ ሆኖም ሁለቱም ጥያቄውን ጠይቀዋል። እኛ ያልጠየቅነው እርሱን ነው።

ማረፍ ጥፋት አይደለም። በውኃ ዳር ተቀምጦ ዝም ማለትም ለነፍስ መልካም ነው። ዳሩ ግን የእኛ ዕረፍት የሌላውን ሕይወት የሚያስከፍል ሲሆን፣ ምክንያቱ ከመሰልቸት የሚበልጥ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ በመካከላችን ተነጋግረን ይህን ተስማማን፦ የማንበላውን ላንይዝ፣ የአገሩን ሰው ሳንጠይቅ መንጠቆ ላንጥል፣ በመራቢያ ወራትም ወንዙን ልንተውለት።

ይህ ግን ያለፈውን አይመልስም። በዚያን ቀን ዓሣውን ሣር ላይ ትተን ወደ ቅዳሴ ሄድን። ጾማችንን አልገደፍንም፤ አፋችን ንጹሕ ነበር። እጃችን ግን ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ወጣቶች ሆይ! አፋችን ሲጾም እጃችንስ ይጾማልን? ይህን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።