ስለ ጎተራ መክፈትና ስለ መዝጋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፥ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። እስከዚያ ድረስ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ከ120 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን፥ በዚህ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት መበለት እናት መስቀል ተሳልመው ሲያበቁ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «አባቴ፥ እኔ ዶላር አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ዘይት ከገዛሁበት ሱቅ፥ ከዚያው መደርደሪያ፥ ያው ዘይት ዛሬ ዋጋው ሌላ ሆነብኝ። ዘይቱ እዚያው ከማደር በቀር ምን ሠራና ነው?»

እኛም «ትዕግሥቱን ይስጥዎ» ብለን ባርከን አሰናበትናቸው። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ልባችን ወቀሰን። የጠየቁን ስለ ፍርድ ሳለ የመለስንላቸው ስለ ትዕግሥት ነበርና።

ነገሩን በአጠና ተራ አጠገብ ለሚነግድ አንድ ምእመን ብናጫውተው እርሱ ደግሞ፥ «አባቴ፥ በአሮጌው ዋጋ ሸጬ በአዲሱ ዋጋ ብገዛ፥ አሥር የነበረው ዕቃዬ ሰባት ይሆናል፤ ሲውል ሲያድርም ሱቁ ይዘጋል» አለን። ይህም ቃል ሐሰት አይደለም። እንግዲህ መበለቲቱም እውነት ተናገሩ፤ ነጋዴውም እውነት ተናገረ። ቤተ ክርስቲያን በሁለቱ መካከል ዝም ብላ ልትቆም ይገባታልን?

የኑሮ ውድነት ከገበያ ተነሥቶ በገበያ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣሊያ ሥራ ማጣትና ሁከት በበዛ ጊዜ፥ ሥርዓት እናመጣለን የሚሉት ፋሺስቶች በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥልጣን ያዙ። በጀርመን በ1923 አንድ ዶላር በ4,200 ቢሊዮን ማርክ እስኪመነዘር ድረስ ገንዘቡ ወደቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ የቆጠበ ሽማግሌም ባዶ እጁን ቀረ። በ1929 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ችግሩ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በ1932 በጀርመን ሥራ ያጡት ስድስት ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በጥር ወር 1933 ሂትለር ሥልጣን ላይ ወጣ። የተራበና የተናቀ ሕዝብ የሚጠላው ሰው ለሚያሳየው መሪ ጆሮውን ይሰጣልና። ከዚያ መርዝ ለእኛም ደረሰን፤ የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ወረረ፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሐምሌ 22 ቀን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። በቅርቡም፥ በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በስሪ ላንካ የውጭ ምንዛሪ አልቆ ነዳጅና መድኃኒት በጠፋ ጊዜ፥ ሕዝቡ ተነሥቶ ፕሬዚዳንቱ ከሀገር ሸሹ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲረግፍ ነገሩ ተሸሸገ። በዚያው ወራት በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሥቶ የዓለም የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም፥ ወታደሩም በየፊናው ተነሣ፤ የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት በዚያው ወር ወረደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ተነሡ። ቤንዚኑ ክብሪት ነበረ እንጂ እንጨቱ አስቀድሞ የደረቀ ነው። ያደረቀውም ችግሩ ብቻ ሳይሆን መሸሸጉ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን አከማችቶ በረኃቡ ዘመን ጎተራውን ከፈተ፤ ይህም ሕዝቡን ከሞት ያዳነበት ክብሩ ነው። ዕቃ የሚደብቅ ሰው ግን የዮሴፍን ሥራ ገልብጦ ይሠራል፤ በጥጋብ ይከፍታል፥ በችግር ይዘጋል። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 47 ቶሎ የምናልፈው ሌላ ነገር አለ። ግብፃውያን አስቀድመው ብራቸውን፥ ቀጥሎ ከብታቸውን፥ በመጨረሻም ምድራቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሸጡ። ያልተሸጠው የካህናቱ ምድር ብቻ ነው፤ ካህናቱ ከፈርዖን ድርጎ ነበራቸውና። ሕዝቡ ሁሉ ሲሸጥ ካህናቱ ምን እንዳሉ መጽሐፍ አልነገረንም። ከዘመናት በኋላ ግን ዮሴፍን የማያውቅ ንጉሥ ተነሣ፤ የባርነት ቀንበርም በዮሴፍ ወገኖች በራሳቸው ላይ ወደቀ።

አባቶች ሆይ፥ ይህ ለእኛ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን በወሎው ረኃብ ዘመን ሰፊ ርስት ነበራት፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ከእጅዋ ወጣ። ይህን ለነቀፋ አላነሣነውም፤ ሕዝቡ ሲያጣ የእኛ ብቻ ተጠብቆ የሚኖር እንዳይመስለን ነው እንጂ።

ሐዋርያት ግን ሌላ መንገድ አሳዩን። በኢየሩሳሌም መበለቶች በዕለቱ ምግብ ስለ ተዘነጉ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ «ታገሡ» ብለው አልሸኟቸውም፤ ጉባኤ ጠርተው ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ። እንግዲህ ዛሬ በመቅደስ የምናየው የዲቁና ማዕርግ የተጀመረው ከመበለቶች የእንጀራ አቤቱታ መሆኑን እናስተውል።

ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን መልሶ ለመተካት የሚያስፈልገውን ይጨምር፤ ከዚያ አልፎ ግን አይደብቅ፥ ጎረቤቱ ስለ ጨመረ ብቻም አይጨምር። በተለይ ዘይትን በሲኒ የሚገዛ ድኃ በሊትር ከሚገዛው ባለጠጋ አብልጦ የሚከፍልበትን ልማድ ይተው። ቤት የሚያከራይ ምእመንም የተከራዩን ደመወዝ ሳያስብ ኪራይ አይጨምር። የንስሐ አባቶች ስለ ጾምና ስለ ስግደት እንደምንጠይቅ፥ ስለ ሚዛን፥ ስለ መጋዘንና ስለ ሠራተኛ ደመወዝም እንጠይቅ። ሰበካ ጉባኤያትም ለአጥርና ለደጀ ሰላም ከሚሰበሰበው አስቀድመው፥ በአጥቢያው ያሉትን መበለቶችና አረጋውያን በስም መዝግበው ድርሻቸውን ይለዩ። የተዝካርና የክርስትና ድግሳችንም ጎረቤትን ለብድር የሚዳርግ ውድድር አይሁን። የሚያስተዳድሩንም የሕዝቡን ችግር ሰምተው እውነቱን ይናገሩ ዘንድ እንጸልያለን፥ እንመክራለንም።

ይህ ሁሉ የዓለምን ገበያ አያረጋጋም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝብን ከመለያየት የሚጠብቀው ጎረቤት ጎረቤቱን ማመኑ ነው። ገንዘብ ቢወድቅ በዓመታት ይነሣል፤ መተማመን ሲወድቅ ግን የሚያነሣው ትውልድ ነው።

የምንኖርበት ሰፈር በቀራንዮ ስም ይጠራል። በዚያ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ፥ ከእግሩ በታች በልብሱ ላይ ዕጣ የሚጣጣሉ ነበሩ። ወንድማችን ሲጨነቅ በልብሱ ከሚያተርፉት እንዳንቆጠር እንጠንቀቅ። እኛም ለእኒያ እናት ያጎደልነውን መልስ በዚህ ጽሑፍ ጀመርን እንጂ አልፈጸምንም፤ ፍጻሜው በመዝገቡና በማዕዱ ላይ ነውና።

እርሱ የዕለት እንጀራን የሚሰጥ አምላክ የተዘጋውን ጎተራና የተዘጋውን ልብ ይክፈትልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።